ተኝቼ አልነበረም

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬውን የፖድካስቴን ክፍል ከልማዴ ውጭ አስቀድሜ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም በቃሌ ልናገረው ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ወሬውን ወደ ሒሳብ ሹማችን፣ ማለትም ወደ ባለቤቴ፣ ደብተር አዙሬ ስቄ ዘግቼዋለሁ። ይህን ጠባዬን ስለምታውቁት አትታዘቡኝም። ዛሬ ግን ከወረቀቱ ላለመውጣት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ባለፈው ዝግጅት ስለ ካንጋሮ ክፍሉ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆቻችንን በደረታችን አስረን ስለምናሞቅበት የሆስፒታል ክፍል፣ ስነግራችሁ፣ የአጠገቤ አልጋ እናት ከሆስፒታሉ የወጣች ዕለት «ተኝቼ ስለነበር ሳልሰናበታት ቀረሁ» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ብዙ መልእክት ደርሶኛል፤ አብዛኛውም የሚያጽናና ነው። አንዲት አድማጭ «ደክሞሽ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ጽፋልኛለች። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ነው፤ እውነትም ያውቃልና። ተኝቼ አልነበረም።

ስሟን አላውቀውም። በዚያ ክፍል ማንም በስሙ አይጠራም ነበር። ልጆቻችን ገና ስም ስላልወጣላቸው በእጃቸው ፕላስተር ላይ የሚጻፈው የእናታቸው ስም ሲሆን፣ እኛን እናቶቹን ደግሞ ነርሶቹ በአልጋ ቁጥር ይጠሩናል። እኔ 6 ቁጥር ነበርኩ፣ እርሷ 7 ቁጥር። ስሟ በልጇ እጅ ላይ ተጽፎ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ሳለ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላነበብኩትም። ከሸኖ በኩል በአምቡላንስ ተልካ የመጣች፣ ቤቷ ሌሎች ሁለት ልጆች የተወች፣ ከእኔ ቢያንስ በ10 ዓመት የምታንስ ሴት ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እትዬ» እና «እርስዎ» ትለኝ ነበር፤ ጡታችንን በአንዲት የተሰበረች የፕላስቲክ ወንበር ላይ እየተፈራረቅን ማለብ ከጀመርን በኋላ ግን «አንቺ» አለችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ስለ ልጄ አወላለድ ደጋግሜ ስለነገርኳችሁ አልመለስበትም። ሒሳብ ሹማችን በዚያ በሰማያዊ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፈውን ብቻ ላንብብላችሁ፦ «ጥቅምት 12፤ 28 ሳምንት ከ4 ቀን፤ 1,080 ግራም።» ከሥሩ ደግሞ 28 ሳምንት ከ4 ቀን ልክ 200 ቀን መሆኑን፣ ከ280 ሲቀነስ 80 ቀን እንደሚቀር፣ የሴት ልጅ ክርስትናም በ80 ቀኗ ስለሆነ ልጃችን ክርስትና የምትነሣው መወለድ ይገባት በነበረው ሰሞን መሆኑን አስልቶ አስምሮበታል። በዚያች ሌሊት እንዲህ ዓይነት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው እኔ አለቅስ ነበር፣ እርሱ ይቀንስ ነበር።

ወደ ካንጋሮ ክፍል የተዛወርነው ልጄ ከተወለደች ከ20 ቀን በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ሙቀት ክፍል ውስጥ በመስተዋት ስትታየኝ ከርማ፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገው ጡቶቼ መሀል እንደ እንቁራሪት እጅና እግሯን አጥፈው በነጠላ ሲያስሩልኝ፣ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ስኳር እምብዛም አይበልጥም። እናትን ማሞቂያ የማድረጉ ነገር እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ ስላነሰና ሕፃናቱ እየተደራረቡ በኢንፌክሽን ስላለቁ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመረው መሆኑን ያነበብኩት በስልኬ፣ ልጄን በደረቴ እንዳሰርኩ ነው። ከዚያም እዚሁ አዲስ አበባ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውን ጥናት አገኘሁ፤ ሕፃናቱ ገና ሳይረጋጉ ቀድመው ደረት ላይ ቢታቀፉ የሚሞቱት እንደሚያንሱ የሚያሳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከልደት ጀምሮ ወዲያው ይታቀፉ ብሏል። እኔ 20 ቀን የጠበቅሁት ቦታ ስላልነበረ ነው፤ 12 አልጋ፣ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ግን በኮሪደሩ ጋቢ አንጥፈው ነበር። ይህን ስናገር አሁንም ንዴቴ ይመጣል፣ ንዴቱም ዛሬ ልናገር ከመጣሁበት ነገር ስለሚያሸሸኝ እዚህ ላይ ልተወው።

ኅዳር 10 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ትከሻዬን የነካኝ እጅ ቀሰቀሰኝ። ያን ጊዜ በእርግጥ ተኝቼ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ 7 ቁጥር ልጇን በደረቷ እንዳሰረች አጠገቤ ቆማ፣ የልጄን አንድ እግር ከነጠላው ሥር አውጥታ ውስጥ እግሯን በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። የልጄ ከንፈር ጠቁሯል፣ ደረቷም ደረቴ ላይ አይንቀሳቀስም። ሴትየዋ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ወጥ እያማሰለች እንደምትናገር ሰው ተረጋግታ «ረስታዋለች፤ አስታውሻት» አለችኝ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጠቅታ ላይ ልጄ ተንሰቀሰቀች፣ ከዚያም ተነፈሰች። ሲስተር ስትመጣ ነገሩ አልቋል። ነርሶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አእምሮው ውስጥ መተንፈስን የሚያዘው ክፍል ስላልበሰለ 20 ሰከንድና ከዚያም በላይ መተንፈስ ይረሳል፣ እግሩን ወይም ጀርባውን ስትነኩት ያስታውሳል።

መድኃኒቱ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ነው። የእኔን የቡና ነገር ታውቃላችሁ፤ በዚህ ፖድካስት ስንት ጊዜ ተሳልቃችሁብኛል። ሒሳብ ሹማችን በቡና አገር፣ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ የሕፃናት ካፌይን ሲፈልግ ሦስት ቀን ዋለ፣ እስኪገኝም አሚኖፊሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት ሲሰጧት ቆዩ። ይህን ለ7 ቁጥር ስነግራት አፏን በነጠላዋ ይዛ «ታዲያ አንድ ስኒ ቢያፈሉላት ምናለበት?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ልጇ ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን በዚያ ሆስፒታል አልነበረም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ አነበብኩ። ፓትሪክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ሆኖ ተወልዶ፣ ሳንባው ስላልበሰለ በ39 ሰዓቱ ሞተ። የእኔ ልጅ የእርሱን ግማሽ ታህላለች። ሥልጣንና ገንዘብ ያላዳነውን ልጅ ያድነው የነበረው በኋለኛ ዘመን መወለድ ብቻ ነው ብዬ፣ በዘመኔ ተጽናንቼ አደርኩ። ጠዋት ለ7 ቁጥር ስተርክላት አድምጣኝ አድምጣኝ «እናቱስ?» አለች። ስለ እናቱ አላነበብኩም ነበር። ደግሞስ የእርሷ ልጅና የእኔ ልጅ በአንድ ወር፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ነው የተወለዱት፤ ዘመን የሚባለው ነገር ምንም አያስረዳም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ልጇ ሆዱ ተነፍቶ ወተት አልቀበል ስላለ ኅዳር 19 ወደ ጽኑ ክፍሉ መለሱት። እርሷ አልጋዋን አልለቀቀችም፤ በየሦስት ሰዓቱ ሄዳ በመስተዋት አይታው ትመጣና፣ ጡቷን አልባ ማንም የማይቀበላትን ወተት በኩባያ ይዛ ትቀመጣለች። እናቴ ለሁለታችንም አጥሚት ትልክ ነበር፤ የምትጠጣበትም ኩባያ የእኔ ነበር።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ሌሊቱን ሙሉ ከአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን የማሕሌቱ ድምፅ በማጉያ ይሰማ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ሲስተር በሩ ላይ ቆማ «7 ቁጥር» ብላ ጠራቻት፤ ጠርታም «ነይ» አላለችም፣ ገብታ ክንዷን ያዘቻት። ሲወጡ አየሁ። ለስንት ደቂቃ እንደቆየች አላውቅም፣ ሒሳብ ሹማችን በዚያ አልነበረም። ከኮሪደሩ ጩኸት አልመጣም፤ ይመጣል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ ነበር፣ አልመጣም። ልጁ 33 ቀኑ ነበር፤ ለክርስትናው ሰባት ቀን ሲቀረው።

ነጠላ ጫማዋን ሳብ ሳብ እያደረገች ስትመለስ ሰማሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋቢዋን ስታጥፍ፣ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ የቧንቧው ውኃ ተከፈተ፣ ለረጅም ጊዜም ፈሰሰ፤ ምን እንደምትሠራ የገባኝ ኩባያዬ ኮመዲኖዬ ላይ ቀስ ተብሎ ሲቀመጥ ነው። ልጇ ሞቶ፣ የተዋሰችውን ኩባያ አጥባ መለሰች። ከዚያ አልሄደችም፣ እራሴ ሥር ቆመች። ወተት ወተት ትሸታለች፤ ልብሷን አርሷት ኖሯል። ልጄን በነጠላው ላይ በሁለት እጄ ይዣታለሁ። እጇ ሲመጣ ሳላይ አወቅሁት፣ የልጄን እግር ፈልጋ አገኘችና ውስጥ እግሯን ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች። ልጄ እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ ጫማው ተሳበ፣ በሩም ተዘጋ።

ለምን ዓይኔን አልገለጥኩም? ለብዙ ጊዜ ለራሴ የነገርኩት «ምን እላት ነበር?» የሚለውን ነው፤ በሕይወት ያለ ልጅ ደረት ላይ አስሮ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ማለት እንዴት ይቻላል? ይህም ውሸት አይደለም። ነገር ግን እጇ ሲመጣ ክንዴ ልጄ ላይ ጠበቀ። በዚያች ቅጽበት በአእምሮዬ ያለፈው ቃል «ዓይኗ» የሚል ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት «ልጅቷን ለጠያቂ አታሳዩ፣ የሰው ዓይን አለ» ስትል በዚህ ማይክ ላይ ያሾፍኩባት እኔ፣ ያቺ ሌሊት ልጄን ያስታወሰችልኝን ሴት ዓይን ፈራሁ። ከፈራሁት ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፤ የተኛ ሰው ክንድ አይጠብቅም። እጇ እዚያው ነበር፣ ተሰምቷታል።

ወይም ላይሰማት ይችላል። ወይም ክንዴ ቀድሞም ጠብቆ ነበር፤ እንደዚያ ይዣት ነበር የምተኛው። ሁለቱን ጠቅታም አንድ ቀን ምርቃት ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ልጄ መተንፈሷን ማጣራቷ ብቻ ነው፣ እጇ ስለለመደ ነው እላለሁ። አንዳንዴም እኔን ነው የነካችው፣ እንደነቃሁ አውቃለች እላለሁ፤ ይህን ግን እስከ መጨረሻው አስቤው አላውቅም።

በዚያው ወር አንድ ቀን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቀን ተብሎ ሐምራዊ ፊኛ ሰቅለው ፎቶ አንስተውን ነበር። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። እርሷ ዳር ላይ ናት፤ ፊቷን ዞር አድርጋ የልጇን ኮፍያ ታስተካክላለች። የልጁ እጅ ከነጠላው ወጥቷል፤ ፕላስተሩም ይታያል። እያሳደግሁ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ ፊደሉ ይበተናል። የመጀመሪያው «የ» ወይም «ፀ» ይመስለኛል።

እኛ በ61 ቀናችን፣ 1,900 ግራም ሆነን ወጣን። ክርስትናዋን በ80 ቀኗ አነሣናት፤ ሒሳቡ አንድ ቀን ቢዛነፍም ሰማያዊው ደብተር ተዘጋ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ የሰማው ባለፈው ሳምንት ነው። ዝም ብሎ አደመጠኝና፣ እንደ ልማዱ፣ «ካርድ ክፍል የዚያን ወር መዝገብ ያገኛሉ፣ ሸኖ ሩቅ አይደለም፣ ቅዳሜ ደርሰን እንመለሳለን» አለኝ። መዝገቡን ይሰጡናል ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው። ቢሰጡንስ፣ ልጄን ይዤ ልሂድ ወይስ ትቼ? ይዤያት ብሄድ፣ የእርሷ ልጅ ቢኖር ይህን ጊዜ ይህችን ያህል ይሆን እንደነበረ በዓይኗ ላሳያት ነው። ትቼያት ብሄድ ደግሞ፣ ገና ከበሩ ሳልገባ «ልጅቱስ?» ማለቷ አይቀርም፤ እኔም «ደኅና ናት» ብዬ ዓይኗን ማየት ሊኖርብኝ ነው። ቅዳሜ እንሂድ ተባብለን ነበር፤ ቅዳሜ ዘነበ። መንገዱ አስፋልት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን…