ካሊ ሊኑክስ የማይነካው ዲስክ

ጤና ይስጥልኝ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ካሊ ሊኑክስ፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ደህንነት መፈተሻው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሲባል ምን እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ጥቁር ስክሪን፣ ወራጅ ፊደል፣ የጎረቤት ዋይፋይ። አሁን በር ላይ እንኳ ሁለት ልጆች «ፓስዎርድ ይሰብራል ወይ?» ብለውኛል።

እኔ ግን ካሊ ስለማያደርገው ነገር ላወራ ነው የመጣሁት።

ታሪኩን ቶሎ ልጨርሰው። ካሊ የወጣው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2013። ከእሱ በፊት ባክትራክ የሚባል ተመሳሳይ ሲስተም ነበር። ካሊ የተሠራው ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሲሆን ከ600 በላይ መሣሪያዎች አሉት። አብዛኞቻችን አስሩን እንኳ በወጉ አናውቃቸውም፣ እኔም ጭምር።

ካሊን ከፍላሽ ስታስነሱት ከሚመጣው ሜኑ ውስጥ ፎረንሲክ ሞድ የሚል መስመር አለ፤ ለማስረጃ ምርመራ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። እሱን ከመረጣችሁ ካሊ የኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ አይነካም። ስዋፕ፣ ማለትም ሚሞሪ ሲጠብ መደገፊያ የሚሆን የዲስክ ክፍል፣ ቢያገኝም አይጠቀምበትም። ፍላሽ ብትሰኩም በራሱ አይከፍተውም። ሠሪዎቹ ይህን የፈተኑት መጀመሪያ የዲስኩን ሃሽ ወስደው፣ ካሊን አስነስተው፣ ካጠፉት በኋላ እንደገና ሃሹን በማውጣት ነው። ሁለቱ አንድ ሆኑ። ሃሽ የዲስኩ የጣት አሻራ ነው በሉት፤ አንዲት ቢት ብትቀየር ሌላ ቁጥር ይወጣል።

ታዲያ አለመንካት ይህን ያህል ምን ያደርጋል? የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ተማሪ እያለሁ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች ከአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በስህተት አጠፋሁ። ደንግጬ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም አወረድኩና እዚያው ዲስክ ላይ ጫንኩት። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ፋይል ሲጠፋ ስሙ ከማውጫው ይሰረዛል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። እኔ ደግሞ የጻፍኩበት በራሴ እጅ ነው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ከወገብ በታች ግራጫ ሆነው ወጡ። በአንዱ ላይ ሙሽሮቹ ቢላዋ ይዘው ይስቃሉ፤ ኬኩ የለም። እህቴ እስካሁን አልማረችኝም።

የእኔ ኬክ ነው የጠፋው። መርማሪ ሲሳሳት ግን የሰው ማስረጃ ነው የሚበላሸው።

ለበሩ ልጆችም መልስ አለኝ። መሣሪያው አለ። ግን ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። የራሳችሁን ራውተር ገዝታችሁ ሞክሩበት።

በቃ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ይህን ፍላሽ ትናንት ከጓደኛዬ ወሰድኩት፤ ፈቅዳልኛለች፣ ፎቶዎቹንም ራሷ አጥፍታቸዋለች። መጀመሪያ ሃሹን እናወጣለን፣ ከዚያ ኮፒ እንወስዳለን። የጠፉ ፋይሎችን የሚመልሰውን ፎቶሬክን የምናስነሳው ኮፒው ላይ ነው፤ ዋናው ወደ ፖስታው ይመለሳል።

ማብሪያው ጋ ያለኸው ወንድሜ፣ እስኪ መብራቱን አጥፋልን።