ለአእምሮ ሕክምና ቋሚ በጀት እንጠይቃለን

በቡራዩ ለአእምሮ ጤና ባለሙያዎች፣ ለአስታማሚ ቤተሰቦችና ለጤና አስተዳደር ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከዚሁ ከቡራዩ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁንና ወንድሞቻችሁን ስታስታምሙ የኖራችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ አእምሮ ጤና በተሰበሰብን ቁጥር የግንዛቤ ማነስን እናነሣለን። ሕዝቡ ሕመሙን ከመንፈስ ጋር ያያይዘዋል፣ ሕመምተኛውን በሰንሰለት ያስራል፣ ወደ ሐኪም ቤት አይመጣም እንላለን። ዛሬ ይህን ወቀሳ እናቆየው። በዚህ ዙሪያ ያለው ቤተሰብ ተለውጧል። ከእንጦጦ ጸበል ተመልሶ በዚያው ሳምንት ካርድ የሚያወጣ አለ፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ የሚይዘው ብዙ ነው፤ እኔም በነርስነት ዘመኔ ማንንም «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ብዬ አላውቅም። ሰዉ መጥቷል። መጥቶ የሚያገኘው ክፍል ግን አንዱን ወር ባለሙያ የለውም፣ ሌላውን ወር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብና ስለ መመሪያ ነው።

የእኛ ሕክምና ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ፣ በየወሩ የማይቋረጥ መድኃኒት፣ እንዲሁም ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው ስልክ ደውሎ ወይም ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ነው። በጀት ሲቀንስ ከሦስቱ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ መቅረቱንም ማንም አያየውም። ክፍሉ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ በሪፖርቱም ላይ «አገልግሎቱ ይሰጣል» ተብሎ ይጻፋል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ መድኃኒት እየወሰደ ደህና ሆኖ ሥራ የጀመረው ወጣት እጁ ታስሮ በባጃጅ ይመጣል። በዚያን ቀን የተቀነሰው ገንዘብ በእጥፍ ይከፈላል። የምትከፍለውም እናቱ ናት።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ትእዛዝ ተፈረመ። በዚያው ወር በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ በጤና ሚኒስቴር ተወሰነ። ሰኔ 24 ደግሞ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲ ራሱ እንደ ተቋም ሥራውን አቆመ።

እነዚያ ሠራተኞች የተቀጠሩት በአብዛኛው ለኤችአይቪና ለመሰል ፕሮግራሞች እንጂ ለእኛ ክፍል አልነበረም። ታዲያ ምን አገናኘን? ለዓመታት መድኃኒት መዋጥ የሰለቸውን ሰው «እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ምግብስ ይበላልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው የኤችአይቪ ክፍሉ አማካሪ ነው። ድባቴውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ለቤተሰብ ያልተነገረውን፣ ራስን የማጥፋትን ሐሳብ የሚሰማውም፣ ይዞት ወደ እኛ ክፍል የሚመጣውም እሱ ነው። አማካሪው ሲሄድ ወደ እኛ የሚላከው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። የቁጥሩን መቀነስ በሪፖርት ያየ ኃላፊም ችግሩ የቀለለ ሊመስለው ይችላል። እባካችሁ፣ እንዲህ አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

ከባዱ ውሳኔ ሁሉ ከውጭ አይመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ ለኢኮኖሚው ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለውን ለዘርፉ ባለሙያዎች እተዋለሁ፤ መንግሥት ለመድኃኒት ድጎማ እንደሚያደርግ ማስታወቁንም አልዘነጋሁም። ሆኖም የአእምሮ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት ተወስዶ የሚተው አይደለም። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ታካሚ መድኃኒቱን በነጻ ያገኛል፤ የእኛ ታካሚ የጤና መድን ወይም የነጻ ሕክምና ወረቀት ከሌለው ይገዛል። ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ደግሞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል፤ አዲሱ ዋጋም እዚያ ይጠብቀዋል። ያኔ ምን እንደሚያደርግ እናንተ አስታማሚዎች ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ክኒኑን ለሁለት ይሰብረዋል፣ አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን ይዘላል። እኛም ሕመሙ ሲያገረሽበት መድኃኒቱ አልሠራም ብለን መጠኑን እንጨምርበታለን። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ መደበቅም አልፈልግም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለብዙ ታካሚዎቻችን መዳኛ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ እዚህ ደርሷል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ካርዱ የሚሠራው ግን ውል በገባ ተቋምና በሪፈር ነው። ቤቱ ሸገር ከተማ፣ የቀን ሥራው አዲስ አበባ፣ ሕክምናው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሆነ የዳርቻ ነዋሪ የትኛውን ጽሕፈት ቤት ማኅተም እንደሚፈልግ ግራ ይገባዋል። ሕመሙ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ወረቀቱን ማስማማት የሁለቱ አስተዳደሮች ሥራ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ላስታውስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ተደረገ። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ውሳኔው ስህተት ነበር አልልም። ነገር ግን አልጋ ሲቸግር ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በማን አልጋ ላይ እንደሆነ አይተናል።

ወደ ጥያቄያችን ልምጣ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራበት የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ አድርጓል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሁሉም ሰው ወደ አማኑኤል ብቻ ይጎርፍ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ዋጋውን ያውቃል። በእኛ አካባቢ ግን ሥልጠናውም ክትትሉም የመጣው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ፕሮጀክት ደግሞ የሚያልቅበት ቀን ገና ሲጀመር ይጻፋል።

በየጤና ጣቢያው በጀት ውስጥ ለአእምሮ ሕክምና የራሱ ርዕስ ይሰጠው። የነርሱ ደመወዝ፣ የመድኃኒቱ መግዣ፣ የስልኩና የትራንስፖርቱ ወጪ በስሙ ይጻፍ፤ በሌላ ርዕስ ሥር የተሸጎጠ ገንዘብ ችግር በመጣ ቀን መጀመሪያ ይወሰዳልና። የሠለጠነውን ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ግድ ከሆነ ተተኪው አስቀድሞ ይሠልጥን፣ ታካሚዎቹንም ይተዋወቅ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ፕሮጀክት ሲዘጋ ወይም መመሪያ ሲለወጥ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይነገረን። በሦስት ወር ውስጥ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚቀበለው ተቋም እንፈልጋለን፣ መጠባበቂያ መድኃኒት እንይዛለን፣ ቤተሰቡን ጠርተን እናስረዳለን። በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ግን በሩ ላይ ወረቀት ከመለጠፍ በቀር የምንችለው የለም።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ነው። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አዘጋጅተን ባልደረቦቼ ፈርመውበታል፤ ስብሰባው እንዳበቃ ለኃላፊዎቹ እናስረክባለን። መፈረም የምትፈልጉ አስታማሚ ቤተሰቦች ወረቀቱን መግቢያው ላይ ባለው ጠረጴዛ ታገኙታላችሁ።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።