በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በ80ኛ ዓመት የልደት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ጎረቤቶቼ፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከእኔ ጋር ምድር ባቡር ያገለገላችሁ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይና ከሚኒሶታ የመጣችሁ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ፣ እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ። ክርስቲያኖቹ የጥምቀት ድካም ሳይወጣላችሁ ነው የመጣችሁት። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ወንበር ስትሸከሙ፣ ድንኳን ስትተክሉ ነበር። ድሬ እንዲህ ናት። እግዜር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ።

ልጆቼ «አባዬ፣ ትንሽ ነገር ትናገራለህ» ሲሉኝ፣ በቃሌ ብናገር ሆድ እንዳይብሰኝ ፈራሁና ጻፍኩት። የልጅ ልጄ ፊደሉን አተልቃ አተመችልኝ። የማነብላችሁ እሱን ነው።

አስቀድሜ ስለ ቀኑ። በእኛ ዘመን የልደት ቀን የሚቆጥር ቤት ጥቂት ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የምታውቀው «ጣልያን ከወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ» የሚለውን ብቻ ነው። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። አምስት ስትጨምሩበት 1938 ይሆናል። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። እናቴ የቀን መቁጠሪያ አልነበራትም፤ ቀኔን ግን አልሳተችም። ያኔ ኬክ የለም፣ ሻማ የለም። እሷ ግን በየዓመቱ ታቦቱ ሲገባ እልል እያለች እጄን ጠበቅ አድርጋ ትይዘኝ ነበር። የእኔ ልደት እሱ ነበር።

ዛሬ 80 ሞላኝ። ሰማንያ በእኛ ቋንቋ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ባልና ሚስትም በሰማንያ ይጋባሉ። እኔና ባለቤቴ በ1962 ዓ.ም. በሰማንያ ተጋባን። ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ወለድን። ሦስቱም ሴት ልጆቼ በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሱ እኔ አልነበርኩም። የመጀመሪያዋ ስትነሳ አፍደም ነበርኩ። ሁለተኛዋ ስትነሳ አዋሽ። ሦስተኛዋ ስትነሳ ጅቡቲ። ዛሬ ልናገር የተነሳሁት ስለዚህ ነው።

ታናናሾቹ ባታውቁ፣ እኔ የባቡር ሰው ነበርኩ። በ1959 ዓ.ም.፣ በ21 ዓመቴ፣ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኜ ገባሁ። አባቴም ዕድሜውን የጨረሰው ሃዲድ ላይ ነው። ይቺ ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ከዚህ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1909 ድረስ ፈጅቷል። ከባሕሩ እስከ ለገሃር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ያንን መንገድ 39 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ጣቢያዎቹን ዛሬም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ። በወዲያ በኩል ደግሞ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ።

ሥራዬን እወደው ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሙሽራ አሳፍረናል፣ ለቅሶ ደራሽ አሳፍረናል። ባቡር ውስጥ ምጥ የያዛት እናት በሴቶቹ እጅ ስትገላገል አይቻለሁ። ያን ቀን ተሳፋሪው ሁሉ፣ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ለሕፃኑ ስም ሲያወጣለት ዋለ። በየጣቢያው ወተትና ሐብሐብ ይዘው የሚጠብቁን ልጆች ስሜን ያውቁት ነበር። የራሴ ልጆች ግን ቤት ስገባ ከእናታቸው ጀርባ ይደበቁ ነበር።

እናታቸውን «አንቺ» ይሏታል። እኔን «አንቱ»። የሰማ ሰው «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» ይላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ለእንግዳ የሚሰጥ አክብሮት ነበር።

አሁን ስለ ባለቤቴ ልንገራችሁ። እንዳላነሳት አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ።

ለሥራ ስወጣ አንዳንዴ አራት ቀን፣ አንዳንዴ ስምንት ቀን እቆያለሁ። በዚያ መሃል ቤት ውስጥ የሆነውን እንዳትረሳው በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረው ነበር። ልጁ ጥርስ ካወጣ፣ አንድ ቋጠሮ። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ካደረ፣ አንድ ቋጠሮ። የመጀመሪያ ቃል ከወጣ፣ አንድ ቋጠሮ። እኔ ስመጣ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ ሻይ ትሰጠኛለች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየፈታች ትነግረኛለች። የመጀመሪያ ልጄ ቆማ ስትሄድ በዓይኔ አላየሁም። ከቋጠሮ ሲፈታ ነው የሰማሁት።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ባለቤቴ ልጅ አዝላ ቀበሌ እየሄደች ተማረች። ፊደል ለየች፣ ማንበብና መጻፍ ቻለች። ምስክር ወረቀቷ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቋጠሮው ቀረ፣ ደብተር ተተካ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆቼ በደብተር ነው ያደጉልኝ። «ማክሰኞ፣ ኩፍኝ ወጣበት። እሑድ፣ ሻል አለው።» በትልልቁ ፊደል፣ እርሳሱን ጫን አድርጋ የጻፈችው። ደብተሮቹ ሁሉም አሉ። አንድም አልተጣለም።

ቋጠሮም ደብተርም የማይችለው ነገርም ደርሶብናል።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ወደ ድሬ ሲመጣ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። እኔ አዋሽ በኩል ቀረሁ። ነሐሴ ላይ ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ ባለቤቴ ሦስት ልጆች አልጋ ሥር አስገብታ ከላያቸው ተኝታ አደረች። እኔ አዋሽ ሆኜ ሬዲዮ ላይ ጆሮዬን ደግኛለሁ። ከተማዋ አልተያዘችም። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ወራት ፈጀብኝ።

በ1977፣ በዚሁ በጥር ወር፣ ከዚህ የተነሳው ባቡር አዋሽ አጠገብ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ያን ዕለት ጅቡቲ ነበርኩ። እሷ ግን በየትኛው ባቡር እንደወጣሁ እርግጠኛ አልነበረችም። ከሌሎቹ ሚስቶች ጋር ጣቢያው በር ላይ ቆማ አደረች። ወሬ በመጣ ቁጥር አንዷ ትወድቃለች፣ የቀሩት ያነሷታል። እኔ ተመለስኩ። ያልተመለሱት ብዙ ናቸው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከልም በዚያ ባቡር አባት ያጣችሁ አላችሁ። ጥር በመጣ ቁጥር ከልደቴ በፊት እነሱን ነው የማስበው። እባካችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ እንነሳላቸው።

እግዜር ያክብራችሁ። ተቀመጡ።

በጥር 1998 ስልሳ ዓመት ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ለብሼ እስከ ጣቢያው ደጃፍ እሄድና እመለሳለሁ። ቤት ስገባ የት እንደምቀመጥ ግራ ይገባኛል። ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። የትኛው ልጅ በርበሬ እንደማይበላ አላውቅም። ባለቤቴ 36 ዓመት ብቻዋን ያቆመችው ቤት ነው። እኔ ገብቼ «ይህ እንዲህ ይሁን፣ ያ እንዲያ ይሁን» ስል ዝም ብላ ታየኝ ነበር። በቅርቡ ጡረታ የምትወጡ ወንድሞቼ፣ ይህን ከእኔ ስሙ። ቤቱ መሪ አለው። መጀመሪያ ጠይቁ። «እኔ ምን ልያዝ?» በሉ።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የደቻቱ ጎርፍ መጣ። ታስታውሱታላችሁ። ከላይ፣ ከደጋው የዘነበው ውሃ በሌሊት ደረሰብን። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃው እኛም ደጅ ደረሰ። ያን ሌሊት ግን ቤት ነበርኩ። የሁለት ዓመት የልጅ ልጄን ጫንቃዬ ላይ አድርጌ፣ ባለቤቴን በአንድ እጄ ይዤ፣ ጎረቤታችን ፎቅ ላይ ወጣን። ጎረቤቴ እዚህ አለ፤ በሩን ሳናንኳኳ ነው የከፈተልን። ነግቶ ብርሃን ሲሆን ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና «ዛሬ የምነግርህ ነገር የለም። አብረን አየነው» አለችኝ።

ጡረታ የወጣሁት የዚያን ቀን ነው። ወረቀቱ ከስድስት ወር በፊት ቢሰጠኝም፣ ቤቴ የገባሁት ያን ቀን ነው። በእኔ ጫንቃ ላይ የነበረችውም ልጅ ዛሬ ይህን ንግግር ያተመችልኝ ናት።

ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት ሆነ። ጠዋት የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ ኖርኩ። ቀፊራ ወርጄ ሽንኩርትና ቲማቲም መምረጥ ለመድኩ፤ ባለቤቴ እስክትረካ ድረስ ሁለት ዓመት ወስዶብኛል። የጡረታ ብሩ ብቻውን ወር አያደርስም። ልጆቼ ይሞሉልኛል። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እናታቸው ያስተማረቻቸው ነው።

አንድ ቀን ትልቁ ልጄ፣ ያኔ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፣ ከእኔ ጋር በረንዳ ላይ ጫወታ ይዘናል። በጨዋታው መሃል ስቆ «አንተ ደግሞ አባዬ!» አለኝ። ወዲያው አፉን ያዘ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲል «ተው፣ ድገመው» አልኩት። ደገመው። ልጄ 40 ዓመት ሊሞላው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስቱም «አንተ» ይሉኛል። የሰጣችሁኝ ስጦታ ሁሉ ደስ ብሎኛል፤ የሚበልጠው ግን ያ ነው።

አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላም ባለቤቴን ይዣት አዲስ አበባ ሄድኩ። ጣቢያው ከከተማ ራቅ ብሎ ነው፤ ባጃጅ ይዘን ወጣን። አሮጌው መስመር ላይ በእኔ ባቡር ብዙ ጊዜ ሄዳለች። እኔ ግን ሁሌም ከፉርጎ ፉርጎ ስዘዋወር ነው፣ ባልና ሚስት ሆነን ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ያን ቀን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ትኬታችንን አየና «መልካም ጉዞ» አለን። እሷም «ልጄ፣ አንተስ ቤት ሰው አለህ?» አለችው። «አዎ፣ እማማ፣ የስምንት ወር ልጅ አለችኝ» አላት። አዋሽን እስክናልፍ ድረስ ስለዚያች ልጅ አወሩ። እኔ ወደ ውጭ ነበር የማየው።

በሩቅ አገር የምትሠሩ ልጆቼ፣ አልፈርድባችሁም። እንጀራ ነው። እኔም ለእንጀራ ነበር የወጣሁት። ዛሬ ስልክ አለ፣ የልጅ ጥርስ ሲወጣ በቪዲዮ ይታያል። ግን ትኩሳት በቪዲዮ አይዳሰስም። ፈቃድ ስታገኙ አታሳድሩት። ሌላ ምክር የለኝም።

ጓደኞቼ፣ የባቡር ሰዎች፣ ከእኛ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነን። ይህ በዓል የእናንተም ነው። ሚስቶቻችሁም እኔ የተናገርኩትን እያንዳንዱን ነገር ያውቁታል።

ባለቤቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። ደብተሩን እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የዛሬውን ቀን ግን ገና አልጻፍነውም። ጠዋት ስትለብስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ አየሁ። ስንት ዓመት አላየሁትም ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት። «እንግዶቹ ሲሄዱ እነግርሃለሁ» አለችኝ።

ድፎው ይቅረብ። ነይ፣ አብረን እንቁረሰው።