ኩላሊትም ስኳርም ያለባት አሮጊት ድመት ምን ትብላ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ያረጁና በሽታ የተደራረበባቸው ድመቶች ምን ይብሉ የሚሉ ናቸው።

ከድሬዳዋ ሳቢያን፦ «ድመቴ 14 ዓመቷ ነው። ኩላሊቷ ደክሟል፣ ስኳርም አለባት ተብያለሁ። ለኩላሊቱ ሥጋ ቀንሺ ይሉኛል፣ ለስኳሩ ሩዝና ፓስታ ተዪ ይሉኛል። ታዲያ ምን ላብላት አቦ?»

ሁለቱን ምክር አንድ ላይ ከተከተሉ ሳህኑ ባዶ ይቀራል። ከሁሉ የሚቀድመው በቂ መብላቷ ነው። ድመት ፕሮቲን ሲያጥራት የራሷን ጡንቻ ስለምትጨርስ ሥጋውን አይቀንሱባት፤ የሚቀነሰው ፎስፈረሱ ነው፣ የደከመ ኩላሊት ማስወጣት የሚያቅተው ማዕድን። አጥንት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የደረቀ ዓሣ፣ ወተትና አይብ ይቅሩ። ሩዙና ፓስታውም ለስኳሩ ሲባል ይቁም። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ግን ምግቡን ከመለወጥዎ በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩ፤ ሩዝና ፓስታ ሲቀር የሚያስፈልጋት የኢንሱሊን ልክም ሊቀንስ ስለሚችል፣ በቀድሞው ልክ ከተወጋች ስኳሯ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ምግብ እምቢ ባለች ቀንም ሳይጠይቁ አይውጓት።

4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል። ይህ ቆዳው የተገፈፈ የበሰለ የዶሮ ታፋ ቢሆን 110 ግራም ያህል ነው፤ ለአራት ጊዜ ይከፋፈል። ከደረቱ ይልቅ ታፋውን የምንመርጠው ታውሪን የተባለው፣ ድመት ከሥጋ የምታገኘው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ነው፤ ድመት ታውሪን ካጣች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ፎስፈረሱን ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ታውሪኑም አብሮ ይፈሳል። የታውሪን ዱቄት ከሌለዎት በትንሽ ውሃ ቀቅለው ከነውሃው ይስጧት።

የእንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ ቀቅለው፣ አድርቀው እንደ ቡና ይፍጩና ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያዋህዱ። ካልሲየሙ ፎስፈረሱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል። በደሟ ያለው ካልሲየም ከፍ ያለ ከሆነ ግን አይሆንም፤ መጀመሪያ ይመርመር። በቤት የሚሠራ ሥጋ ብቻውን ለወራት አይበቃም፣ ቪታሚን ይጎድለዋል። ለኩላሊት ታማሚ ድመት የተዘጋጀ የቆርቆሮ ምግብ ካገኙ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ያለማምዷት። እያስመለሳት ሳለ አይጀምሩላት፤ ምግቡን ከሕመሙ ጋር አያይዛ ለዘለቄታው ትጠላዋለች።

ከሐረር ጀጎል፦ «ከቱና በስተቀር ሁሉን አሽትታ ትተወዋለች። ወጥ ጠብ ባደርግበትስ?»

ወጥ በፍጹም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ሽንኩርት ይበቃል። ኩላሊቷ የደከመ ድመት ደግሞ ቀድሞውንም ደም ሊያንሳት ይችላል። ቱናውን እንደ ማባያ ይጠቀሙበት፦ ዘይቱንና ጨዉን አጥበው አንድ የሻይ ማንኪያ ሥጋው ላይ ይለውሱ።

ድመት የሚያስበላት ሽታው ነው። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ አይሸትም፤ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጠው እንደ ሰውነት ሙቀት ለብ ያድርጉት። ጭንቅላቷን አዘንብላ የምታኝክ፣ ጉርሻ ከአፏ የሚወድቅባት ከሆነ ጥርሷን ያስዩ፤ እስከዚያው ሥጋው ይድቀቅላት። መድኃኒት ዋናው ምግቧ ውስጥ አይደብቁ። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ነገን አይጠብቁ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች። ሳትበላ ስትቆይ ስብ ጉበቷን ይሞላዋል።

ከድሬዳዋ ከዚራ፦ «እንደ ጉድ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች።»

በዚህ ዕድሜ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ ሆርሞን መብዛት) ይጠረጠራል፣ ስኳርም እንዲሁ። ምግብ መጨመር ብቻውን አይፈታውም፤ ደሟ ይመርመር። የታይሮይድ መብዛት የኩላሊትን ድካም ስለሚሸፍን መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ኩላሊቷ እንደገና ይታይ። ናሙናው በሰው ላቦራቶሪ ከተሠራ ወረቀቱ ላይ የታተመው የሰው ልክ አያስደንግጣችሁ፦ ድመት ላይ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እስከ 1.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ድረስ ብቻውን የኩላሊት ድካም ምልክት አይደለም። ውጤቱን የእንስሳት ሐኪም ያንብበው። ለእኛ አካባቢ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርብ ነው።

ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ፦ «በዚህ ሙቀት ውሃ አትጠጣልኝም፣ ሆዷም ደርቋል።»

ውሃውን በምግቧ በኩል ያስገቡት፦ በየገበታዋ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። ጢሟን የማይነካ ሰፊ ሳህን በሁለት ሦስት ቦታ፣ ከምግቧና ከምትጸዳዳበት አሸዋ ራቅ አድርገው በጥላ ያስቀምጡ። በድሬ ቀትር እርጥብ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይደፋ። ለድርቀቱ የተቀቀለ ዱባ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሞከር። ዘይት በአፏ አይጋቷት፣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው ግን ያ ድርቀት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

በጽሑፍ የደረሰን፦ «ጉልበቷን አሟት ወደ ሳህኑ መሄድ አቃታት። ግማሽ ፓራሲታሞል ብሰጣትስ?»

ግማሹም ይገድላታል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊቷን ይጨርሱታል። ሳህኑን ወደምትተኛበት ያቅርቡላት፣ አንገቷን እንዳትደፋም ከመሬት ትንሽ ከፍ ያድርጉት። በሳምንት አንዴ ዘንቢል ውስጥ አስገብተው በሱቅ ሚዛን ይመዝኗት፣ የዘንቢሉን ይቀንሱ። ከ4 ኪሎ ላይ 200 ግራም ከጎደለ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።