ውኃውና እረኛው የሚወስኑት ሩጫ

የተከበራችሁ አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች፣ ከባቲና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አሠልጣኞች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሯጮች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰበሰብነው ከደጋው ተነሥቶ ወደ በረሃው የሚወርድ ረጅም ሩጫ በአካባቢያችን እንጀምር ወይስ ይቅር በሚለው ጉዳይ ላይ ለመምከር ነው። እኔ እንጀምር ከሚሉት ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ ሐሳቡን የደገፉ ወዳጆቼ ገና ከአሁኑ ሺህ ሯጭ፣ ስፖንሰር፣ ቲሸርትና የቴሌቪዥን ካሜራ ሲያስቡ ስለምሰማ፣ በዚህ ከእነርሱ እለያለሁ። ይህ ሩጫ ሲጀመርም ሲሰነብትም ትንሽ መሆን አለበት፤ የሯጩንም ቁጥር መወሰን ያለባቸው በመንገዱ ላይ የሚገኘው ውኃና በመንገዱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።

አልትራ ማራቶን ማለት ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሩጫ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከደሴ ተነሥቶ ባቲ በእግሩ የደረሰ ሰው አልትራ ማራቶን ፈጸመ ማለት ነው። ለባቲ የሰኞ ገበያ ከብት እየነዱ ሌሊቱን ሲጓዙ ለኖሩት አባቶቻችን ግን ሜዳሊያ ያጠለቀላቸው አልነበረም። ዛሬ በዓለም ስማቸው የገነነው ውድድሮችም ቢሆኑ አጀማመራቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄደው የኮምሬድስ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲጀመር የተነሡት 34 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም እስከ መጨረሻው የዘለቁት 16 ናቸው። በሞሮኮ ሰሐራ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ማራቶን ዴ ሳብልም በ1986 የጀመረው በ23 ሯጮች ነው። ዛሬ በዚያ ለመሮጥ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ይከፈላል፤ እኛ እርሱን የምንመኝበት ምክንያት አይታየኝም።

በበረሃ ሩጫ ላይ ከደረሱት አደጋዎች ሁለቱን ማንሣት እወዳለሁ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ሰው ያመለክቱናልና። በግንቦት ወር 2021 እ.ኤ.አ. በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ ደረቅና ድንጋያማ በሆነ ምድር ላይ በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር ውድድር 172 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ገና በቀትር አካባቢ ከፍታው ላይ ሳሉ በድንገት ብርቱ ነፋስ፣ በረዶና ቀዝቃዛ ዝናብ ወረደባቸውና በስስ ልብስ የነበሩ 21 ሯጮች በብርድ ሞቱ። በረሃ ሲባል ሙቀት ብቻ ለሚታየን ሁሉ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ቀን 6 ሯጮችን ወደ ተጠለለበት ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ ያተረፋቸው በጎቹን ሲጠብቅ የነበረ አንድ እረኛ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 እ.ኤ.አ. በዚሁ በሞሮኮው ሩጫ ላይ ጣሊያናዊው ማውሮ ፕሮስፔሪ በአሸዋ ማዕበል መንገዱን ስቶ፣ ከሳምንት በላይ በሰሐራ ተንከራትቶ ከአልጄሪያ ምድር ደርሷል። ይህ ሰው በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ፣ ጉልበት የማይጎድለው ስፖርተኛ ነበር። እርሱንም ቢሆን ያገኙት ፍየል የሚያረቡ ዘላኖች ናቸው።

የእኛ አዘጋጆች ታዲያ ዕቅድ ሲያወጡ እረኛውን የት ነው የሚያስቀምጡት? እስካሁን ባየሁት ረቂቅ ውስጥ የአካባቢው ነዋሪ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ተመልካች ሆኖ ብቻ ነው የተጻፈው። ከባቲ ወዲያ ያለው ግን ዳጉ ያለው ሕዝብ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ማን እንግዳ በየት በኩል እንዳለፈ ተራ በተራ ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ያንን የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። የሞባይል ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ አንድ ሯጭ ቢዘገይ ወይም ቢሳሳት ከማንም ቀድሞ ወሬው የሚገኘው ከዚህ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሯጮቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ ከሩጫውም በፊት ከሰዎቹ ጋር ሲተዋወቁ ነው። ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ሲያልፍ ማን እንደጎደለ ሊናገር የሚችል ሰው የለም።

ስለ ሰውነታችንም የምናገረው አለኝ፤ በተለይ ወጣቶቹ አድምጡኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባቲ ወደ 1,500፣ በአፋር ያለችው ሚሌ ደግሞ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላሉ። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ ከደሴ ሚሌ የሚወርድ ሰው በ13 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይጠብቀዋል። የደሴውን የጦሳ ተራራ ዳገት ማለዳ ማለዳ የሚወጣ ሯጭ ሳንባው ጠንካራ ነው፤ ላቡ ግን በረሃ አያውቅም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚደርስ ልምምድ በሙቀት ውስጥ ይፈልጋል። ቁልቁለቱም ቢሆን ቀላል አይምሰላችሁ። የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ከዳገት ይልቅ የሚጎዳው በቁልቁለት ነው፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግስቱ ነው።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ጥምን ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ውኃ መጠጣትም ግን ይገድላል፤ የደም ጨው ይቀጥናልና። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው የጨው መጠናቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ጣቱ አብጦ ቀለበቱ የጠበበው፣ የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሚያመውና ንግግሩ የተዘበራረቀ ሯጭ ሲገኝ፣ «ውኃ ጨምሩለት» ማለት እርሱን መግደል ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሰውነቱ እንደ እሳት የሚፋጀውና የሚቃዠው ሯጭ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪና ከመጥራት በፊት እዚያው ማቀዝቀዝ ያስፈልገዋል። አራት ሰው የሸራውን ጠርዝ ይዞ፣ ሯጩን መሐል አስተኝቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ማንገላወድ ነው ሥራው። ሆስፒታል የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ሕመሞች ለይቶ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ በየጣቢያው ካልተገኘ ሩጫው ይሰረዝ ባይ ነኝ።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። አንድ ሯጭ በሙቀት ውስጥ በሰዓት 1 ሊትር ያህል ይጠጣል ብንል፣ 40 ሯጭ በ10 ሰዓት 400 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 መሆኑ ነው። በሦስት ግመል ይጫናል፤ የግመሎቹም ኪራይ ለባለቤቶቹ ይከፈላል። ለማቀዝቀዣና ለመጠባበቂያ ሌላ ያን ያህል ይያዝ። ሯጩ 400 ቢሆን ግን 200 ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ ሊጎተት ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ ዓይናችን በአርብቶ አደሩ ኤላ፣ ማለትም በውኃ ጉድጓዱ ላይ ማረፉ አይቀርም። በበጋ ወራት ከዚያ ኤላ የሚቀዳ አንድ ጣሳ ከፍየልና ከሕፃን ጉሮሮ የሚነጠቅ ስለሆነ፣ ውኃችንን ይዘን እንሂድ፤ የማንችለውን ያህል ሰው አንጥራ። የ40 ሰው ሐሳቤም ከዚህ የመጣ ነው።

ስንቁን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ ጄል የሚያስፈልገን አይመስለኝም። በሶ በውኃና በጨው ተበጥብጦ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ተይዞ፣ በየጣቢያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከተዘጋጀ ይበቃል። ጭኮም ጥሩ ነው፤ ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ቦርሳ እንዳያበላሽ ብቻ ይታሰብበት።

ከዛሬው ስብሰባ የምጠይቀው ቀን እንዲቆረጥ አይደለም። በመጪው ሰኞ ከእኛ መካከል ሁለት ሯጮችና አንድ የጤና ባለሙያ ባቲ ገበያ ወርደው፣ ከገበያው መልስ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው፣ መንገዱ በየት በየት ማለፍ እንደሌለበት ይጠይቁ። የትኛው ኤላ የማን እንደሆነ፣ መቃብርና የግጦሽ ክልል የት እንዳለ፣ ከብት ለውኃ የሚወርድበት ሰዓት መቼ እንደሆነ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። «ዘንድሮ ድርቅ ነው፣ አትምጡ» ካሉንም አንሄድም። እንግዶቻችን ከሩቅ የመጡት ይህንኑ ለመነጋገር ስለሆነ፣ ቀሪውን ጊዜ ለእነርሱ እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።