ደህና ነኝ የሚል ጉልበት

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ስለ ጉልበቴ ጉዳት በጨረፍታ ባነሳሁ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይመጣልኛል። አንዱ «እንዴት ሆንክ?» ነው። ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሁለተኛው «መቼ ነው የምትጫወተው?» የሚለው ነው። እሱ በአንድ መስመር የሚመለስ አልሆነልኝም። ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ላውራው።

መጀመሪያ የሆነውን በአጭሩ። ኳስ እየተጫወትን ነበር። ማንም አልነካኝም። እየሮጥኩ አቅጣጫ ልቀይር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተከለ፣ ሰውነቴ ዞረ፣ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ማነው የመታህ?» ይለኛል። የምከሰው ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አብዛኛው የኤሲኤል፣ ማለትም ጉልበት መሃል ያለው ጅማት፣ ጉዳት እንዲህ ማንም ሳይነካን ነው የሚደርሰው። ሰው ሲዞር፣ ድንገት ሲቆም፣ ከዝላይ ሲያርፍ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቴ ተነፋ። ጅማቱ ሲበጠስ ውስጥ ለውስጥ ስለሚደማ ነው። ሐኪሙ ጭኔን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ፊት ሳብ ሲያደርገው፣ ቅልጥሜ ያዝ የሚያደርገው ነገር ሳይኖር ተከተለው። ኤምአርአዩ የሐኪሙን እጅ ነው ያረጋገጠው።

ለማታውቁት፣ ኤሲኤል የሚባለው ጉልበት መሃል ተጠላልፈው ከተቀመጡት ሁለት ጅማቶች የፊተኛው ነው። የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ስር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ ስንዞር ጉልበት እንዳይከዳን ያደርጋል። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ብዙ ሰው ያለሱም ይችላል። ዞር ሲሉ ነው ጉልበቱ ሸብረክ የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኤሲኤል የተበጠሰበት ሁሉ የግድ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት 121 ወጣቶችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀመሩ፣ ያልተሻለው ብቻ በኋላ ኦፕራሲዮን ይደረግለት ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከሁለተኛው ወገን ከግማሽ በላዩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጨርሶ ኦፕራሲዮን አላደረገም። እኔ ያደረግኩት ጉልበቴ ደጋግሞ ስለከዳኝና መዞር ያለበት ስፖርት ስለምወድ ነው። የእናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ብቻ «ተበጠሰ» ሲባል በዚያው ቀን ቀጠሮ ለመያዝ አትሩጡ።

እሺ፣ ኦፕራሲዮኑ። የተበጠሰውን ጅማት አይሰፉትም፣ ብዙውን ጊዜ በሌላ ይተኩታል። ምትኩ ከራስ ሰውነት ይወሰዳል። ወይ ከቋንጃ፣ ወይ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፣ ወይ ከሎሚው በላይ ካለው። ከለጋሽም ሊሆን ይችላል፣ ለወጣት ስፖርተኛ ግን የለጋሽ ጅማት የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የኔ ከቋንጃ ነው። ስለዚህ አንድ ቁስል ሳይሆን ሁለት ነው የሚያገግመው። ጉልበቴ ዝም ባለበት ቀን ቋንጃዬ ይጮህ ነበር።

ሕመሙን ብዙም አላወራውም። ያማል፣ መድኃኒት አለ፣ ያልፋል። ማንም ያልነገረኝ የጭኔን ነገር ነው።

ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ፊዚዮቴራፒስቷ መጣችና «ጭንህን አጥብቀው» አለችኝ። ቀላል ነገር ነው። አሁን የተቀመጣችሁበት ሞክሩት፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ የፊት ጭናችሁን ጠበቅ አድርጉት። አያችሁ? እኔ አዘዝኩት። ጭኔ ዝም። እንደገና አዘዝኩት፣ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሌላኛው እግሬ ሳይቀር ተወጠረ። የተፈለገው ጡንቻ ግን የሰው ነው የሚመስለው። ደነገጥኩ። ነርቭ ቆርጠውብኝ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ።

እሷ ሳቀች። ይሄ የታወቀ ነገር ነው አለችኝ። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ወደ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚልከው መልእክት ይቀየራል። እነሱም ያን ጡንቻ ያፍኑታል። ጡንቻው አልሞተም፣ ትዕዛዙ ነው የማይደርሰው። ለዚህ ነው ጭን በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይናችሁ እያየ የሚከሳው። መፍትሔው እብጠቱን ማውረድና ያንኑ አሰልቺ ማጥበቅ በየሰዓቱ መደጋገም ነው። አንዳንዴ በኤሌክትሪክ ያግዙታል። እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ ጭኔን ስለምን ነበር የምውለው። አንድ ቀን ሎሚው ትንሽ ወደ ላይ ሳብ ሲል ያየሁ ጊዜ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ጠራሁ። ያዩት ነገር ብዙም የገባቸው አይመስለኝም።

ሌላው የመዘርጋት ነገር ነው። ጠያቂ ሁሉ «ታጥፈዋለህ?» ይላል። «ትዘረጋዋለህ?» ያለኝ ሰው ግን የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ቀድሞ የሚፈለገው መዘርጋቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ጉልበት ያስነክሳል፣ ጭንም በደንብ አይሠራም፣ ውስጡ ጠባሳ ከበዛበት ደግሞ ሌላ ኦፕራሲዮን ሊያስከትል ይችላል። እናቴ እኔን ለማሳረፍ ብላ ሁሌ ጉልበቴ ስር ትራስ ታደርግልኝ ነበር። «ልጄ፣ ትንሽ ከፍ ይበልልህ» ትላለች። ይመቻል በእውነት። ፊዚዮቴራፒስቷ አየችና «እማማ፣ ከጉልበቱ ስር አያድርጉለት፣ ከተረከዙ ስር ያድርጉለት» አለቻት። ከዚያ በኋላ እናቴን የሚያክል ተቆጣጣሪ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ስልክ ሳወራ ከማዶ ክፍል ሆና «ዘርጋው!» አለች። እንዴት እንዳየችኝ እስካሁን አላውቅም።

ጥቃቅኑን ቶሎ ቶሎ ልበል። በክራንች ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው። ከቁስሉ አጠገብ ቆዳው የደነዘዘ ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ትንሽ የቆዳ ነርቭ በዚያ ስለሚያልፍ ነው፣ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ባታችሁ ቢያብጥና ቢያማችሁ፣ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ትኩሳት ቢመጣ ወይም ቁስሉ ቢቀላና ፈሳሽ ቢያወጣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። የደም መርጋትና ኢንፌክሽን ቀጠሮ አይጠብቁም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። ይህን ክፍል ያስቀረጸኝ ሦስተኛው ወር ነው።

በሦስተኛው ወር አካባቢ ደህና ሆንኩ። የምሬን ነው። ክራንቹ ከተጣለ ቆይቷል፣ አላነክስም፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ብስክሌት እነዳለሁ። እብጠት የለም፣ ሕመም የለም። ጉልበቴ ጠዋት ስነሳ «ደህና ነኝ፣ እንሂድ» የሚለኝ ይመስለኛል። ሰውም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። አሁን «አንተማ ድነሃል» ብለውኝ ያልፋሉ።

ለካ ውስጡ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ቋንጃ ላይ የነበረ ጅማት ተነቅሎ ጉልበት ውስጥ ሲገባ የደም ሥሩ ተቋርጧል። ችግኝ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ስትተክሉት መጀመሪያ ይጠወልግ የለ? እንደዚያው ነው። የነበሩት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ከዚያ አዲስ የደም ሥር ይገባል፣ አዲስ ሕዋስ ይሰፍራል፣ ቀስ በቀስ ኤሲኤልን ወደ መምሰል ይሄዳል። ይሄ ከዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ መሃል ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የተተካው ጅማት ከተተከለበት ቀን ይልቅ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ እኛ ደህና ነን ማለት ከምንጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ጅማቱ ሲደክም አያማችሁም። ምንም አይነግራችሁም።

ለእኔ ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው። ሕመም ቢኖር ሕመሙ ይጠብቀኛል። ጤነኛ የሚመስል እግር ይዞ ሜዳ ዳር ቆሞ ማየት ግን የራስን ሰውነት አለማመን ነው። «ሰውነትህን አዳምጠው» የሚል ምክር በየቦታው አለ። እኔ ለዚህ ጉዳት ክፉ ምክር ነው እላለሁ። በሦስተኛው ወር ሰውነቴን ባዳምጠው ኖሮ ሜዳ ውስጥ ነበርኩ።

የሊቨርፑልና የኔዘርላንድ ተከላካዩን ቫን ዳይክን አስታውሱት። በፈረንጆቹ 2020 ጥቅምት ላይ ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ነው የተጎዳው። ዓለም ላይ አለ የሚባል ሐኪምና ጂም በእጁ ነው። ግንቦት 2021 ላይ የአውሮፓ ዋንጫ ደጅ ላይ ቆሞ፣ አገሩን በአምበልነት ሊመራ ሲችል፣ አልሄድም አለ። ወደ ሊጉ የተመለሰው ነሐሴ ላይ ነው። አስር ወር ገደማ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ለምጫወተው ጨዋታ በምን ሒሳብ ነው ከእሱ የምፈጥነው?

ቁጥር ለሚወድ ቁጥርም አለ። በፈረንጆቹ 2016 የኤሲኤል ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ፣ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበት ዳግም የመጎዳት መጠኑ በ51 በመቶ ቀንሷል። ወር መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። ከመመለሳቸው በፊት የተሰጣቸውን ፈተና ያላለፉት ዳግም የተጎዱት 38 በመቶ ያህል ናቸው። ካለፉት ውስጥ 6 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ፈተናው የጭን ጥንካሬና በአንድ እግር መዝለል አለበት፣ የተጎዳው እግር ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ስለዚህ «ስንት ወር ሆነህ?» ከምትሉኝ «ስንት በመቶ ደረስክ?» በሉኝ። እንግዲህ ጤነኛው እግሬም በእነዚህ ወራት ስለደከመ 90 በመቶው ራሱ ትንሽ ያታልላል። ጤነኛው ጉልበትም ለአዲስ ጉዳት ይጋለጣል፣ እሱንም ማሠልጠን ነው።

ከዚያ ፍርሃቱ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ አቁማ «ዝለልና በአንድ እግርህ እረፍ» ስትለኝ፣ ሳጥኑ ከጉልበቴ በታች ነው፣ ልጅ የሚዘለው ነው። እግሬ አልነሳም አለ። ጭኔ በዚያን ጊዜ ጠንካራ ነበር፣ በመሣሪያ ተለክቷል። የቀረው እኔ ነበርኩ። ስዘልም ሳላውቀው ክብደቴን ወደ ጤነኛው እግር እጥላለሁ። ቪዲዮውን አሳየችኝ፣ ለሁለቱም እግር የተሰጠውን ሥራ አንዱ ብቻውን ሲሠራው ይታያል።

በፈረንጆቹ 2014 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ አንድ ግምገማ አለ። ከኤሲኤል ኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ሆነ ዓይነት ስፖርት የሚመለሰው 81 በመቶ ነው። ወደ ቀድሞ ደረጃው የሚመለሰው 65 በመቶ። ወደ ውድድር የሚመለሰው ደግሞ 55 በመቶ። ስለዚህ «እንደ ቫን ዳይክ ትሆናለህ» የሚለኝ ሰው ደግ ነው፣ ግን ሁሉም አይመለስም። የማይመለሱትም ሁሉ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ጉልበቱ ድኖ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው አውቃለሁ። አሁን ይዋኛል፣ ደስተኛ ነው። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። ዘጠኝ ወር ጂም ውስጥ የከረመ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም።

እኔ ግን መጫወት እፈልጋለሁ። ስለዚህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይኸው። የጥንካሬውን ፈተና አልፌያለሁ። የዝላዩን ገና አላለፍኩም፣ በተለይ ወደ ጎን የሚዘለለውን። እሱን ሳላልፍ ወር ብትጠሩልኝም አልሰማችሁም።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ተመካክረው መጡ። «እሺ፣ እስከዚያ በረኛ ሁን፣ ቆመህ ነው የምትውለው» አሉኝ። በረኛ ቆሞ የሚውለው በእናንተ ቡድን ከሆነ ነው እንዴ? እኔ ሳያችሁ በየደቂቃው ነው የሚተኮስባችሁ። (ሳቅ) ደግሞስ በረኛ ወደየት ነው የሚዘለው? ወደ ጎን!

በሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ አለኝ። ቸር ሰንብቱ።