አክስቴ ምስር ስትለቅም

እሺ። ሰላም። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ሙዚቃውን አላስገባሁም፣ የእናንተን ጥያቄዎችም አላነብም። የሚሰማችሁ ድምፅ የታችኛው ጎረቤታችን ጀነሬተር ነው፣ ታውቁታላችሁ። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር። ይቅርታ፣ ዛሬ አልችልም። አክስቴ ሄደች። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለችው፣ የአሌክሳንድሪያዋ። ቦሌ ድረስ ሸኘኋት፣ ተሳሳምን፣ "በይ እንግዲህ" አለችኝ። ግን ልክ አልነበረም። ሁለታችንም አውቀነዋል። ሌላ ጊዜ ስንለያይ እኮ አንገቴን አቅፋ ነው የምታለቅሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እሷ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። "ይሄ እኮ የተለቀመ ነው፣ ታሽጎ ነው የተገዛው" አልኳት። "የሰው ልቃሚ አላምንም" አለች። ጠጠር ስታገኝ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ታደርጋታለች። ቀጭ ትላለች። ያቺ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ወንድሜ ነው ያነሳው። ለጨዋታ ብሎ "እዚያ ማንን ነው የምትመርጪው?" አላት። እሷም በእርጋታ ነገረችው። በፈረንጆቹ 2008 ዴሞክራቶቹ እጩአቸውን ሲመርጡ ሂላሪ ክሊንተንን እንቢ ብላ ኦባማን መረጠች። ምክንያቷ አንድ ነው፣ የኢራቅ ጦርነት። "ልጄን የላከችብኝን ሴት ልመርጣት ነው?" አለች። ልጇን ታውቁታላችሁ፣ ወታደር ሆኖ ሁለት ጊዜ ኢራቅ ሄዶ የተመለሰው። እኔ ውስጤ ደስ አለው። እንደዚህ ነው እንጂ አልኩ። ድምፅ ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ከዚያ ወንድሜ "በ2020ስ?" አላት።

"ባይደንን።"

እኔ ስኒዬን አስቀመጥኩ። አሁን ሳስበው ጠንከር አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። "እትዬ፣ እሱም እኮ እጁን አውጥቷል!" አልኳት። እውነቴን ነው። ጥቅምት 2002 በፈረንጆቹ፣ ሴኔቱ ለቡሽ ጦርነት የመክፈት ሥልጣን ሲሰጥ 77 ለ23 ነው ያለፈው። ሂላሪም ባይደንም ጆን ኬሪም 77ቱ ውስጥ ናቸው። ያው ሌሊት፣ ያው ድምፅ። በርኒ ሳንደርስ ደግሞ ያን ጊዜ ታችኛው ምክር ቤት ነበር፣ አልደግፍም ብሏል። እና መጋቢት 2020 ቨርጂኒያ የዴሞክራቶቹን እጩ ስትመርጥ ሳንደርስ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበር! ይሄን ሁሉ አልኳት። ጣቴን እየቆጠርኩ።

እሷ ቀና አላለችም። አንዲት ምስር በሁለት ጣቷ ይዛ "የእሱም ልጅ ሄዷል" አለች።

እውነት ነው፣ ሄዷል። ቦ ባይደን ከዴላዌር ብሔራዊ ዘብ ጋር ኢራቅ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቷል። በኋላ በካንሰር ሞተ፣ በ2015። እኔም አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነው እኮ... አፌ ላይ የመጣው። "የእሱ ልጅ በሕግ ባለሙያነት ነው የሄደው፣ ያንቺ ልጅ ግን ከባድ መኪና ሲነዳ ነው የ..." አልኳት።

አልጨረስኩትም። እናቴ ስሜን ጠራች። ቁጣም አይደለም፣ በቃ ስሜን ብቻ።

አክስቴ ምስሯን ሰፌዱ ላይ መለሰቻት። "ሌሊት ተነስቶ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ፣ ጋቢ ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ" አለች።

ከዚያ ሌላዋን አነሳች። ቀጭ።

ይኸው ነው የሆነው። ማንም አልጮኸም። ሦስተኛው ቡና ተጠጣ። ግን እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያው ሶፋ ላይ ነኝ።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልበል። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ እያልኩ አይደለም። አሁንም ለጦርነት የተሰጠ ድምፅ እንደ ግብር ወይም እንደ መንገድ ሕግ ድምፅ አይደለም እላለሁ። የመንገድ ሕግ ቢበላሽ ታሻሽለዋለህ። ሰው ከሞተ ምኑን ታሻሽላለህ? ደግሞ ኢራቅ ላይ "ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር" የሚባለው አይዋጥልኝም። የደህንነት መሥሪያ ቤቶቹ ያዘጋጁት 92 ገጽ የሚሆን ምስጢራዊ ሪፖርት ነበረ። ሴናተሮቹ እንዲያነቡት ቀርቦላቸዋል። ሙሉውን ያነበቡት በጣም ጥቂቶች እንደነበሩ በኋላ ተጽፏል። ሴናተር ቦብ ግራሃም አነበበው፣ አነበበና ተቃወመ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። መሳሳት አንድ ነገር ነው። ሳያነቡ መሳሳት ግን ሌላ ነው። የሰው ልጅ የሚሄድበት ነገር እኮ ነው፣ 92 ገጽ አይነበብም? አንድ ሌሊት አይበቃውም?

ግን ደግሞ ባይደንን ውሰዱት። በ1991 የመጀመሪያውን የባህረ ሰላጤ ጦርነት ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። ያኛው በሳምንታት አለቀ። የደገፈው ዓመታት ፈጀ። እና በየትኛው ልመዝነው? በመጨረሻው? በከባዱ? ኦባማም ቢሆን በ2002 ቺካጎ አደባባይ ላይ ቆሞ ይሄ ጦርነት ጅልነት ነው ብሏል፣ ያኔ ግን የኢሊኖይ ክልል ምክር ቤት አባል ነበር። ሴኔት ገብቶ ስሙ ሲጠራ "እደግፋለሁ" ወይም "እቃወማለሁ" እንዲል የጠየቀው ሰው የለም። ፕሬዚዳንት ሲሆን ደግሞ በ2011 ኮንግረሱ ሳይፈቅድ ሊቢያን ደበደበ። አክስቴ ይሄን ሁሉ ታውቃለች ወይ? እንጃ። ምናልባት ከእኔ በላይ ታውቃለች። እዚያ ነው የምትኖረው።

ኦክላንድን፣ ካሊፎርኒያ ያለችውን፣ በታችኛው ምክር ቤት የወከለችውን ባርባራ ሊንስ? ስለ እሷ አውርቼላችሁ አውቃለሁ፣ የዛሬ ዓመት ይሁን መቼ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በሦስተኛው ቀን፣ አገሩ በሙሉ በቁጣ ሲነድ፣ ለፕሬዚዳንቱ ጦርነት የመክፈት ሥልጣን ሲሰጥ፣ 420 ለ1። የተቃወመችው አንዷ እሷ ናት። እንገድልሻለን እየተባለች በጥበቃ ነው የኖረችው። የኦክላንድ ሰው በየምርጫው መለሳት፣ አልተዋትም። በ2024 ግን ለሴኔት ስትወዳደር አራተኛ ወጣች። ያሸነፈው አዳም ሺፍ ነው። ሺፍ ደግሞ በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ድምፅ ሰጥቷል! ያን ቀን ውጤቱን ሳይ ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። በኋላ የኦክላንድ ከንቲባ ሆናለች፣ ደስ ብሎኛል። ግን ያ ነገር አልወጣልኝም። ብቻዋን ቆማ ልክ የነበረች ሴት እኮ ናት። ታዲያ ሰው ምንድነው የሚያስታውሰው?

እና ይቅርታ የሚባለው ነገር። ሂላሪ በ2008 ውድድር ላይ "ተሳስቻለሁ" የሚለውን ቃል አልወጣትም ነበር። በጽሑፍ ያመነችው በ2014 ነው። ባይደን በ2005 አካባቢ ስህተት ነበር ብሏል። ጥሩ። ግን ይቅርታው ለማን ነው? ለአክስቴ ከሆነ እሺ፣ እሷ ትቀበለው፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ባግዳድ ውስጥ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ቨርጂኒያ ላይ ድምፅ የለውም። የሚጠይቅለት እዚያ ያለው መራጭ ብቻ ነው። ይሄን ነበር ቅዳሜ ልላት የፈለግሁት። በእውነት ይሄን ነበር። ግን የወጣው ስለ ልጇ ነው።

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1995 ባግዳድ ስትደበደብ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ አድርጎ እዚህች ኮሪደር ላይ ሲመላለስ ትዝ ይለኛል። የኢትዮጵያም ስም አሜሪካን ደግፈዋል ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበር። አባቴ "እኛን ማን ጠየቀን?" አለ። ለማንም አልነበረም፣ ለግድግዳው። ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፣ አልገባኝም።

አሁን ገብቶኛል መሰለኝ። ትናንት ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስወርድ የፓርላማውን የሰዓት ማማ አየሁትና ቆምኩ። ኅዳር 1999 እዚያ ውስጥ ስለ ሶማሊያ ድምፅ ተሰጥቷል። መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ ይውሰድ ተብሎ። በወሩ ወታደሮቻችን ሞቃዲሾ ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆዩ። የእኔ ሰፈር ተወካይ ያን ቀን ምን አለ? አላውቅም። የሳንደርስን ድምፅ በቀኑ አውቃለሁ፣ የእኔን ተወካይ አላውቅም። ስሙንም ፈልጌ አላውቅም።

ሰኔ 14 ቀን 2013ስ? ሳይነጋ ነው ለምርጫ የተሰለፍኩት፣ ነግሬያችሁ ነበር፣ በነጠላዬ ተሸፍኜ። ከፊቴ አንዲት እናት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰሜን ላይ ጦርነት ነበር። በሰልፉ ውስጥ ልጁ ወይ ወንድሙ እዚያ ያለ ሰው አይጠፋም፣ ከማንኛውም ወገን። እኔ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት አንድም እጩ "ስለ ጦርነቱ አቋምህ ምንድነው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ቢሮክራሲ ምናምን፣ ውሃ፣ ኮንዶሚኒየም... ስለ እነሱ ጠይቄያለሁ። ስለዚያ ግን አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው? እ... ፈርቼም ይሆናል። ወይም መልሱን መስማት ስላልፈለግኩ ይሆናል። ይሄን ለአክስቴ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እላት ነበር?

ምናልባት ዋጋውን የከፈለ ሰው ይቅር የማለት መብት አለው፣ ያልከፈለው ደግሞ... አይ። ይሄም ልክ አይመስለኝም። እንደዚያ ከሆነ ሁላችንም ዝም ልንል ነው። ዝም ስንል ደግሞ የሚሆነውን አይተናል። ግን ያንን ነገር በልጇ በኩል ማምጣት አልነበረብኝም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ልጇ ጻፈልኝ። "እማዬን ምን አልሻት?" ይላል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። አንብቤዋለሁ፣ ማንበቤንም አይቷል። እስካሁን አልመለስኩም። ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። እና ምን ትዝ አለኝ... እሱን እኮ ጠይቄው አላውቅም። በ2008ም፣ በ2020ም፣ ማንን መረጥክ ብዬ። መርጦ እንደሆነም አላውቅም። ስለ እሱ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ፣ እዚህም እናንተ ፊት፣ እሱ ግን...

ጀነሬተሩ ቆመ። መብራት መጣ መሰለኝ። እዚያ አሁን ከሰዓት ይሆናል፣ ከሥራ አልወጣም። ማታ ብደውልለት... ወይስ መጀመሪያ ለእሷ ልደውል? እስቲ።